ትንሿ ሽጉጥ ለምን እንዲህ ትራገጣለች?

በዚህ እትም አምስት ጥያቄ መርጫለሁ። አምስቱም የሚዞሩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ወገብ ላይ ስትታጠቃት የማትከብድ፣ ስትተኩስባት ግን እጅ የምታሳብጥ ሽጉጥ። የመጀመሪያው መልስ ረዝሞብኛል። ሌሎቹን እሱ ላይ ስለማስደግፋቸው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ለዓመታት አንድ ኪሎ የሚጠጋ የብረት ሽጉጥ ነበረኝ። ስለሰለቸኝ ሸጬው ግማሽ ኪሎ የምትሆን፣ እጀታዋ ፕላስቲክ የሆነ፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሽጉጥ ያዝኩ። መታጠቁ ላይ ምንም አይወጣላትም፣ ሱሪዬ እንኳን አይወርድም። ተኩስ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። በድሮው መቶ ጥይት ተኩሼ ምንም አልልም ነበር፤ በዚህች ሃያ ሳይሞላ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለው ሥጋ ደም ይመስላል። ጥይቱ ያው የድሮው ነው። ደግሞ ከዒላማው በታች በታች እየመታሁ ነው። ሽጉጧ ናት ወይስ እኔ?

መልስ፦ ግማሹ ሽጉጧ ናት፣ ግማሹ አንተ ነህ። ከሽጉጧ እንጀምር፣ እሱ ሒሳብ ብቻ ነው።

ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ የሚበረው ጫፍ፣ 7.5 ግራም ያህል ይመዝናል። ከአጭር በርሜል በሴኮንድ 330 ሜትር ፍጥነት ወጣ እንበል። አባዛውና ለሽጉጡ ክብደት አካፍለው። አንድ ኪሎ ሽጉጥ በሴኮንድ 2.5 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሊሄድ ይፈልጋል። ግማሽ ኪሎዋ ደግሞ 5 ሜትር። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ጉልበቱም እጥፍ ሆነ፤ ከ3 ጁል ወደ 6 ጁል። የባሩዱን ጋዝ ስትጨምርበት ሁለቱም ቁጥር ከፍ ይላል እንጂ ልዩነታቸው አይጠፋም። አንተ ክብደቱን ስትሸጥ ርግጫውን ገዛህ ማለት ነው። ማንም ነጋዴ ምንም ዕቃ ቢሸጥልህ ይህቺን ማካፈል አይሰርዛትም።

የምትቀንሰው ሌላ ነገር ነው። ያው ጉልበት እጅህ ላይ የት ያርፋል? በምን ያህል ስፋት? በቡጢ መልክ ነው ወይስ በግፊት?

እስኪ እጅህን በደንብ እየው። ቅላቱ ምን ይመስላል? ሁለት ቀጭን፣ ጎን ለጎን የተሰመረ ጭረት ከሆነ ርግጫ አይደለም። ስላይዱ፣ ማለትም ከላይ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው ብረት፣ ሥጋህን እየቧጨረው ነው። እጅህ ከመጠን በላይ ወጥቷል ወይም ሥጋህ ከእጀታው ጭራ፣ ማለትም ከኋላ ላይኛው ጫፍ ወጣ ካለው ክፍል፣ በላይ ተርፎ ወጥቷል። ሰፋ ያለና የሚያብጥ ቅላት ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እጅህና እጀታው መሃል ክፍተት አለ። ሽጉጧ ያቺን ክፍተት ሮጣ አልፋ ነው የምትመታህ። በር ላይ ተደግፈህ ሰው ቢገፋው ትገፋለህ፤ አንድ ስንዝር ርቀህ ብትቆም ግን በሩ ይመታሃል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከጻፍከው ተነስቼ ሁለተኛው ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ በአውራና በሌባ ጣትህ መሃል ያለውን ሥጋ እጀታው ላይኛው ጫፍ፣ ከጭራው ሥር ድረስ ግፋው። ምንም ብርሃን እንዳይታይ። እዚያ ከፍ ብለህ ስትይዝ ሌላም ትርፍ አለው። በርሜሉ ሁሌም ከእጅህ በላይ ነው፤ ግፊቱ የሚመጣው በበርሜሉ መስመር ስለሆነ እጅህ ዝቅ ባለ ቁጥር አፈሙዙ ሽቅብ የሚዘልበት ጉልበት ያገኛል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ልዩነቱ ይሰማሃል።

ከዚያ ግራ እጅህ። ብዙ ሰው ግራ እጁን ከካዝናው፣ ማለትም ጥይት ተሞልቶ እጀታው ውስጥ ከሚገባው ሳጥን፣ ሥር እንደ ስኒ ማስቀመጫ ነው የሚያስቀምጠው። እዚያ ምንም አትሠራም። ቀኝ እጅህ ከያዘው የተረፈ ባዶ ቦታ እጀታው ጎን ላይ አለ፤ የግራ መዳፍህ ሥር እዚያ ይግባና ይሙላው። ጣቶችህ ከቃታው ቀለበት ሥር ተጠግተው በቀኝ ጣቶችህ ላይ ይጠቅለሉ። ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ፊት ይጠቁሙ። አደራህን ግራ አውራ ጣትህን በስላይዱ ጀርባ እንዳታሳልፍ፣ አንድ ጊዜ ያሳለፈ ሰው ሁለተኛ አይለምደውም። አጥብቆ የሚጨምቀው ግራው ይሁን። ቀኙ ቃታ የሚስብ ጣት ስላለበት በጣም ከጨመቀ ጣቷም አብራ ትደርቃለች።

ትንሿ ጣትስ? የብዙ ትንንሽ ሽጉጦች እጀታ ለሁለት ጣት ተኩል ነው የተሠራው። ትንሿ ጣት አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ቀልድ ይመስላል እንጂ እሷ ከሥር ካልያዘች ሽጉጧ እጅህ ውስጥ ትሽከረከራለች። ከታች ወጣ ያለ መርገጫ ያለው ካዝና ሞክር። አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይረዝምብሃል፤ ከሸሚዝህ ሥር ትንሽ ይታይ ይሆናል። እኔ ብሆን ያንን ዋጋ እከፍላለሁ። በእጀታው ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ ላስቲክም አለ። እጀታውን ወፈር ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያው ምት በሰፊ ቦታ ይበተናል። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው ተለጣፊ ደግሞ ሽጉጧን እጅህ ላይ ሰንጎ ይይዛታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ወገብህን ይልጥሃል። ታጥቀህ ለመዋል ከሆነ ላስቲኩ ይሻላል።

አንድ የማይወራ ነገርም አለ። የ9 ሚሊ ሜትር ሙሉ ጥይት ከነቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን ከያዘው ቤት ጋር፣ 12 ግራም ያህል ነው። አሥር ጎራሽ ካዝና ሲሞላ 120 ግራም ጨመርክ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የሽጉጧ ክብደት ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረው። መጨረሻ ላይ የቀሩት ጥይቶች ከመጀመሪያዎቹ ይበልጥ የሚራገጡ መስሎ ከተሰማህ አልተሳሳትክም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከዒላማው በታች መምታትህ ከርግጫው የመጣ አይደለም። ርግጫው አፈሙዙን የሚያነሳው እርሳሱ ሊወጣ ሲል ወይም ከወጣ በኋላ ነው፤ ደግሞም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይደለም። ታች የሚወስደው የአንተ እጅ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እጅህ ሃያ ጊዜ ስለተመታ ሃያ አንደኛውን ቀድሞ ሊመክት ወደ ታች ይጫናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ፈልግ። ካዝናውን ጓደኛህ ይሙላው፣ እውነተኛውንና የልምምዱን ቀላቅሎ፣ አንተ ሳታይ። ተኩስ። የልምምዱ ጥይት ተራ ሲደርስ ቃታው ቀጭ ይላል፣ ድምፅ የለም፣ ያኔ አፈሙዙን ተመልከት። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው አፈሙዜ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ዝቅ አለ። ጓደኛዬ ለአንድ ወር ሳቀብኝ። ለዓመታት "ሽጉጤ ማለሚያው ተዛብቷል" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ!

መድኃኒቱ ያው ጨዋታ ነው፣ ደጋግሞ መጫወት። በተጨማሪ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ባዶ ሽጉጥ መሳብ። ካዝናውን ታወጣለህ፣ ስላይዱን ስበህ ጥይት የሚጎርስበትን ጉረሮ በዓይንህም በጣትህም ታያለህ፣ ደግመህ ታያለህ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ከዚያ ጥይት የማያሳልፍ ግድግዳ ላይ አልመህ ማለሚያው ሳይነቃነቅ ቃታውን መሳብ። ልምምዱ ሲያልቅ አልቋል፤ ሽጉጡን አጉርሰህ "አንድ ልጨምር" የሚባል ነገር የለም። አደጋ የሚደርሰው እዚያች ላይ ነው።

ጆሮህንም አትርሳ። የሽጉጥ ተኩስ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ጆሮን በአንድ ጊዜ ይጎዳል ተብሎ የሚፈራው ደግሞ ከ140 ጀምሮ ነው። በርሜል ሲያጥር ፍንዳታው ወደ ፊትህ ይቀርባል። አካል ደግሞ ድምፁንና ምቱን ለይቶ አይቆጥርም፣ ሁሉንም "ራገጠኝ" ብሎ ነው የሚመዘግበው። ውስጥ ገብቶ የሚደፍነውን ከላይ ከሚጠለቀው ጋር አብረህ አድርግ። የሽጉጣቸው ርግጫ "ቀነሰ" ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ የለወጡት ነገር ግን የጆሮ መከላከያውን ብቻ ነው።

ደግሞ መቶ ጥይት ተው። በዚህች ሽጉጥ ሠላሳ፣ ቢበዛ ሃምሳ በቂ ነው። እጅህ ካመመህ በኋላ የምትተኩሰው እያንዳንዱ ጥይት መሸማቀቅን ነው የሚያስተምርህ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አንድ ዕቃ ሻጭ ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰውን ሞላ በጠንካራ ከቀየርኩ ርግጫው በግማሽ ይቀንሳል አለኝ። ሌላው ደግሞ ሞላውን ተወው፣ ከባድ እርሳስ ያለው ጥይት ግዛ ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን አትስማ። ሞላ ጉልበት አያጠፋም። ተቀብሎ ያቆየውና መልሶ ይሰጣል። ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠንካራው ሞላ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ እውነት ነው፤ ሲመለስ ግን በዚያው ጥንካሬ ወደ ፊት ወርውሮት አፈሙዙን ወደ ታች ያስደፋዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል። ትንንሽ ሽጉጦች ላይ ግን ስላይዱ የሚሄድባት ርቀት አጭር ስለሆነች የስሕተት ቦታ የላትም። ሞላው ከበዛ ስላይዱ እስከ መጨረሻው ሳይሄድ ይመለስና ቀለሁን ነክሶ ይቆማል። ለራስህ መጠበቂያ የያዝከው ዕቃ እንዲህ ሲሆን አስበው። ማቀባበሉም ይከብድሃል።

ሞላ መለወጥ ያለበት ሲያረጅ ነው። የደከመ ሞላ ስላይዱን ስለማያቆመው ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ያም እጅህ ላይ እንደ መዶሻ ይሰማል። ከአምራቹ የሚመጣውን፣ ያንኑ መጠን፣ አምራቹ ባለው ጊዜ ለውጥ። በነገራችን ላይ አንጓህን ለስልሰህ ከያዝክም ያው መንከስ ይመጣል። ስላይዱ የሚገፋው ጠንካራ ነገር ካላገኘ ሽጉጡ ሁሉ አብሮት ይሄዳልና።

የሁለተኛው ሰው ነገር ከፊል እውነት አለው። 9.5 ግራም የሚመዝነው ከባዱ እርሳስ በሴኮንድ 290 ሜትር አካባቢ ይወጣል እንበል። አባዛው፤ ከቀላሉ አያንስም፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ታዲያ ለምንድነው ብዙ ሰው "ለሰለሰልኝ" የሚለው? አዘገም ስለሚል ምቱ ከቡጢ ይልቅ ወደ ግፊት ያደላል። ይህ ግን የእጅ ጉዳይ ነው፤ አንዱ የወደደውን ሌላው አይወደውም። ከሁለቱም አንድ አንድ ፓኮ ወስደህ ስሙን ሳታይ ተኩስና ራስህ ፍረድ። ከፓኮው ላይ ከስሙ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና "ፒ" የሚል ፊደል ካየህ ግን ግፊቱ ከተለመደው በላይ የሆነ ጥይት ነው። ርግጫ ሸሽተህ መጥተህ እሱን አትግዛ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው። 68 ዓመቴ ነው። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ያመኛል። የልጄ ባል "ለአንቺ ትንሽ ካሊበር ነው የሚሆን" ብሎ፣ ጥይቷ ከ9 ሚሊ ሜትሩ የሚደክም ባለ .380 አሮጌ ሽጉጥ አመጣልኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ከእሱ 9 ሚሊ ሜትር ትብሳለች፤ ስላይዱን ስቤ ማቀባበልም አቃተኝ። ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ ተሳስቷል?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ በቅንነት ተሳስቷል። ጥይቷ እውነትም ደካማ ናት። ችግሩ ሽጉጡ ውስጥ ያለው አሠራር ነው።

እንደ ዋልተር ፒፒኬ ወይም ማካሮቭ ባሉ ሽጉጦች በርሜሉ እጀታው ላይ የተተከለ ነው፣ አይነቃነቅም። ጥይቱ ሲፈነዳ ስላይዱን የሚይዘው ቁልፍ የለም። የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ሞላው የግድ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ማቀባበል ያቃተዎት ለዚህ ነው። ስላይዱም ወዲያው በኃይል ስለሚመጣ ምቱ ስለታም ይሆናል። ማካሮቭ 730 ግራም ያህል ስለሚመዝን ክብደቱ ይታደገዋል። ቀላል ሽጉጥ ላይ ግን ሙሉው እጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላው አሠራር አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ፈጣሪ ጆን ብራውኒንግ ካመጣው ሐሳብ የተወለደ ነው። በርሜሉና ስላይዱ ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ወደ ኋላ ይሄዱና በርሜሉ ዘንበል ብሎ ይላቀቃል። ምቱ በጊዜ ይበተናል፣ ሞላውም መጠንከር የለበትም። ግሎክ 42 የተባለችው ባለ .380 ከነባዶ ካዝናዋ 390 ግራም ገደማ ናት፤ እንዲህ ቀልላም ከብዙ አሮጌ ባለ .380 ትለሰልሳለች። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሺልድ ኢዚ ደግሞ ሲሠራም ማቀባበል ለሚቸገር እጅ ታስቦ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ባዶውን አስይዘዎት ስላይዱን አምስት ጊዜ ይሳቡ። አምስተኛው ላይ ካመመዎት ለእርስዎ አይደለም።

ሲያቀባብሉም በጣትዎ ጫፍ አይቆንጥጡ። ስላይዱን በግራ መዳፍዎ ሙሉ ከላይ ጨብጠው ደረትዎ አጠገብ ያምጡት፤ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ጣትዎ ከቃታው ውጪ ሆኖ። ከዚያ ግራው ስላይዱን ይዞ ይቆይ፣ ቀኙ እጀታውን ወደ ፊት ይግፋ። መግፋት ከመሳብ ይቀላል፣ የክንድ ጡንቻ ስለሚያግዝ። ለልምምድ ደግሞ ባለ .22 ሽጉጥ የሚያውስዎት ካገኙ በእሱ ይጀምሩ፤ እጅ ሳይሸማቀቅ ይማራል። ሐኪምዎንም ስለ ጣትዎ ይጠይቁ። ያበጠ መገጣጠሚያ ላይ በጉልበት አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሪቮልቨር፣ ጥይቱ በሚዞር ጎማ ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ሰው ነኝ። ከ350 ግራም በታች የሆነች ባለ .357 ማግነም አለችኝ። ሁለት ጥይት ከተኮስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰው ስነግረው ይስቃል።

መልስ፦ የሳቀው ሰው ይተኩስባትና ይሳቅ። የመጀመሪያውን ሒሳብ ድገመው፤ 10 ግራም እርሳስ፣ በሴኮንድ 340 ሜትር፣ 340 ግራም ሽጉጥ። በሴኮንድ 10 ሜትር ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። 17 ጁል፣ የባሩዱ ጋዝ ሳይቆጠር። ከላይ ያየነው ወንድማችን በ6 ጁል ነው እጁ የቀላው።

ደግነቱ ባለ .357 ሪቮልቨር .38 ስፔሻልም ይተኩሳል። ለስለስ ያለውን .38 አጉርሳት፣ አለቀ። ማግነሙን ለከባድ ሽጉጥ ተወው። ወንድነት አይለካበትም።

እጀታውንም እየው። ከኋላ በኩል ብረቱ ራቁቱን ከሆነና እንጨቱ በጎን ብቻ ከሆነ ምቱን የሚቀበለው ያ ቀጭን ብረት ነው። ጀርባውን ጭምር የሚሸፍን ላስቲክ እጀታ ቀይርለት። በእነዚህ ቀላል ሪቮልቨሮች ሌላ ጣጣም አለ፤ ርግጫው ከመብዛቱ የተነሳ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ እየተነቀለ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጎማውንም እንዳይዞር ሊቆልፈው ይችላል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 340 ፒዲ በሚባለው ሞዴል በርሜል ላይ ከ120 ግሬይን በታች የሆነ የማግነም እርሳስ አትተኩስ የሚል ተቀርጿል፤ 7.8 ግራም ማለት ነው። አራት ተኩሰህ አምስተኛውን አውጣና ካልተተኮሰ ጥይት ጋር ጎን ለጎን አቁመው። ከረዘመ ያንን ጥይት ለዚህ ሽጉጥ አትጠቀም።

ጥያቄ፦ በርሜል ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ ጋዝ ወደ ላይ የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው ዕቃስ? ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ጋዙ ሽቅብ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ሁለተኛዋን ጥይት ቶሎ ታልማለህ። ግን ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ለስላሳ ጥይት ከተጠቀምክ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዕቃው በርሜሉ ላይ ክብደት ስለሚጨምር አንዳንዴ ስላይዱ ሙሉ ላይሄድም ይችላል። ሽጉጧም ትረዝማለች፣ ድምፁም ይብስብሃል። እኔ እጄን፣ ካዝናዬን፣ ጆሮዬንና ጥይቴን ካስተካከልኩ በኋላ ነው የማስበው። ከገዛኸው ደግሞ ሽጉጡን ደረትህ ላይ አስጠግተህ አትተኩስ። ያ ጋዝ ትኩስ ነው፣ የባሩድ ፍርፋሪ አለበት፣ የሚወጣውም ወደ ፊትህ ነው። መነጽር አድርግ።